በትራንስፎርመር ዘይት ውስጥ ስለሚከሰት ብሬክዳውን፦ የፈተና ጽዋው የሚነግረንና የማይነግረን

የትራንስፎርመር ዘይትን ጥራት ለመፈተሽ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት ዘዴ ለማስረዳት ቀላል ነው። አይ.ኢ.ሲ 60156 በተሰኘው ስታንዳርድ መሠረት ናሙናው በአንድ የፈተና ጽዋ ውስጥ ይሞላል። በጽዋው ውስጥ በ2.5 ሚሊሜትር የተራራቁ፣ የሉል ወይም የእንጉዳይ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ኤሌክትሮዶች ይገኛሉ። ተለዋዋጭ ቮልቴጅ በየሰከንዱ 2 ኪሎቮልት እየጨመረ ይሄዳል፤ በኤሌክትሮዶቹ መካከል ብልጭታ ሲዘል መሣሪያው ቮልቴጁን መዝግቦ ያቆማል። ይህ ስድስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ተጣርቶና ደርቆ ለአገልግሎት የተዘጋጀ አዲስ የማዕድን ዘይት በዚህ ፈተና 70 ኪሎቮልትና ከዚያ በላይ እንዲቋቋም ይጠበቃል፤ ገና ካልተጣራው አዲስ ዘይት የሚጠየቀው ግን 30 ኪሎቮልት ብቻ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ከጽዋው ወጥቶ የዘይቱ ባሕርይ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። 70 ኪሎቮልትን ለ2.5 ሚሊሜትር ያካፈለ ሰው 28 ኪሎቮልት በሚሊሜትር የሚል ውጤት ያገኛል፤ ይህንኑም ልክ እንደ እፍጋት ወይም እንደ ዝልግልግነት በሠንጠረዥ ያሰፍረዋል። ሆኖም እጅግ በተጣራ ፈሳሽ ሃይድሮካርቦን ውስጥ፣ በማይክሮሜትር በሚለካ ክፍተት፣ ከ100 ኪሎቮልት በሚሊሜትር በላይ የሆነ የኤሌክትሪክ መስክ ያለ ብልጭታ ሊቆም ይችላል። በሌላ በኩል ደግሞ በሹል መርፌና በጠፍጣፋ ሰሌዳ መካከል በብዙ አሥር ሴንቲሜትር በሚለካ የዘይት ክፍተት ውስጥ፣ ከ1 እስከ 2 ኪሎቮልት በሚሊሜትር የሚደርስ አማካይ መስክ ለብሬክዳውን ይበቃል። ፈሳሹ ያው ሃይድሮካርቦን ሆኖ ሳለ «ጥንካሬው» መቶ እጥፍ ያህል ይለያያል ማለት ነው። ስለዚህ የብሬክዳውን ቮልቴጅ የፈሳሹ ቋሚ ባሕርይ ሳይሆን የአንድ ሁኔታ ውጤት ነው፤ ክፍተቱ፣ የኤሌክትሮዱ ቅርጽ፣ የቮልቴጁ ቆይታ፣ ውኃው፣ ቆሻሻው ሁሉ በውስጡ አሉበት። ይህ ጽሑፍ በጽዋው ውስጥ የሚሆነው ነገር በእውነተኛው ትራንስፎርመር ውስጥ ከሚሆነው በምን እንደሚለይ ለማስረዳት ይሞክራል።

ከጋዝ የተወሰደው ሐሳብ ለምን አልበቃም

በጋዝ ውስጥ የሚደረገውን ብሬክዳውን በተመለከተ ፍሪድሪኽ ፓሼን እ.ኤ.አ. በ1889 ያቀረበው ሕግ እስከ ዛሬ ያገለግላል። አንድ ኤሌክትሮን ከሞለኪውል ጋር እስኪጋጭ ድረስ ረጅም መንገድ በነፃነት ስለሚጓዝ ከመስኩ በቂ ጉልበት ይሰበስባል፤ ሲጋጭም ሌላ ኤሌክትሮን ነቅሎ ያወጣል፤ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እያሉ እንደ ናዳ ይባዛሉ። ይህን ሥዕል በቀጥታ ወደ ፈሳሽ ማዛወር አያዋጣም። የፈሳሽ እፍጋት ከጋዝ በሺህ እጥፍ ገደማ ስለሚበልጥ በሁለት ግጭቶች መካከል ያለው ርቀት በናኖሜትር የሚለካ ነው፤ ኤሌክትሮኑም ያገኘውን ጥቂት ጉልበት ወዲያው ለሞለኪውሎቹ ንዝረት ያስረክባል። የሃይድሮካርቦን ሞለኪውልን አዮን ለማድረግ 10 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያስፈልጋል። ይህን በፈሳሹ ውስጥ ለማጠራቀም በጫፋቸው ማይክሮሜትር የሚያህሉ መርፌዎችን በመጠቀም የተደረጉ ሙከራዎች እንዳሳዩት በብዙ መቶ ኪሎቮልት በሚሊሜትር የሚቆጠር መስክ ይጠይቃል።

በፈተናው ጽዋ ያገኘነው 28 ብቻ ነበር። እንግዲህ በጽዋው ውስጥ ብልጭታው የዘለለው ንጹሑ ፈሳሽ ስለተሸነፈ ሊሆን አይችልም። ከፈሳሹ ሌላ የሆነ ነገር መንገዱን ጠርጎለታል።

ድልድይ የሚሠሩት ቃጫዎች

መንገድ ጠራጊዎቹ ብዙ ጊዜ ከትራንስፎርመሩ ከራሱ ወረቀት የሚላጡ የሴሉሎስ ቃጫዎች ናቸው። የዘይት አንጻራዊ ፐርሚቲቪቲ 2.2 አካባቢ ነው፤ የውኃ ደግሞ 80። ውኃ የጠጣ ቃጫ ፐርሚቲቪቲው ከዘይቱ ስለሚበልጥ መስኩ ደካማ ከሆነበት ስፍራ ወደ በረታበት ስፍራ ይሳባል። የሚስበው ኃይል ከቅንጣቱ መጠነ ይዘት ጋር፣ ማለትም ከራዲየሱ ሦስተኛ ርቢ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ራዲየሱ በእጥፍ ቢጨምር ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ነው ማጣሪያዎች ጥቂት ትልልቅ ቅንጣቶችን ማስወገዳቸው ብዙ ደቃቃ ቅንጣቶችን ከማስወገዳቸው ይልቅ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው። ቃጫው ኤሌክትሮዱ ዘንድ ሲደርስ በመስኩ አቅጣጫ ተዘርግቶ ይቆማል፤ ሌላው በጫፉ ላይ ይጣበቃል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከአንዱ ኤሌክትሮድ ወደ ሌላው የሚዘልቅ እርጥብ ድልድይ ይሠራል። በዚህ ድልድይ የሚያልፈው ትንሽ ጅረት ውኃውን ያሞቀዋል፤ እንፋሎት ይፈጠራል። በአረፋው ውስጥ ያለው የመስክ መጠን ደግሞ በዙሪያው ካለው ዘይት በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚበልጥ፣ ጋዙም ከፈሳሹ በጣም ደካማ ስለሆነ፣ ፓሼን የገለጸው የኤሌክትሮን ናዳ እዚያ ውስጥ ይጀምራል። ጋዝ ለብቻው ያልገባበት በር በፈሳሹ ውስጥ ተከፈተ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ቃጫ በዝልግልግ ዘይት ውስጥ ተጉዞ ለመሰለፍ ሰከንዶች ያስፈልጉታል። በመብረቅ ምክንያት የሚመጣ የቮልቴጅ ግፊት ግን በላቦራቶሪ የሚወከለው በ1.2 ማይክሮሰከንድ ጣሪያው ላይ ደርሶ በ50 ማይክሮሰከንድ ወደ ግማሹ በሚወርድ ኢምፐልስ ነው፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ቃጫው ካለበት አይነቃነቅም። በተግባርም የሚታየው ይኸው ነው፦ የኢምፐልስ ብሬክዳውን ቮልቴጅ ከ50 ኸርዝ ቮልቴጅ እጅግ ይበልጣል፤ ለቆሻሻና ለእርጥበት ያለው ስሜትም አነስተኛ ነው። በአጭሩ፣ የጽዋው ፈተና በዋነኛነት የቆሻሻና የውኃ መለኪያ ነው። በእኔ እምነት ይህ የፈተናው ጉድለት አይደለም፤ ለዚህ ዓላማ ከሆነ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጉድለቱ ስሙ ላይ ነው፤ «የዘይቱ ጥንካሬ» ሲባል አድማጭ ሌላ ነገር ይረዳል።

ስለ ውኃው አንድ ነገር በተለይ ሊጤን ይገባል። የላቦራቶሪ ሪፖርቶች ውኃውን ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ስንት ክፍል እንደሆነ ይጽፋሉ። ብሬክዳውንን የሚወስነው ግን ውኃው ዘይቱ ሊያሟሟ ከሚችለው መጠን ስንት በመቶ ነው የሚለው አንጻራዊ ሙሌት ነው። በስፋት ከሚሠራባቸው የሟሚነት ቀመሮች በአንዱ ብናሰላ፣ አዲስ የማዕድን ዘይት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከአንድ ሚሊዮን 55 ክፍል ገደማ፣ በ60 ዲግሪ ደግሞ 240 ክፍል ገደማ ውኃ ያሟሟል። እንግዲህ 25 ክፍል ውኃ የያዘ አንድ ዘይት በሥራ ላይ ባለ ሞቃት ትራንስፎርመር ውስጥ ሙሌቱ 10 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ናሙናው ቀዝቅዞ ላቦራቶሪ ሲደርስ 45 በመቶ ይሆናል። የውኃው መጠን አልተለወጠም፤ የብሬክዳውን ቮልቴጁ ግን ሊወርድ ይችላል። በተቃራኒው፣ ሲሞቅ የተፈተነና መልካም የተባለ ትራንስፎርመር በድንገት ከአገልግሎት ወጥቶ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ፣ ወረቀቱ ውኃውን መልሶ ለመጠጣት ቀናት ስለሚፈጅበት ዘይቱ ለጊዜው ወደ ሙሌት ይጠጋል። ቀንና ሌሊት ሙቀታቸው በሰፊው በሚለያይበት የኢትዮጵያ ደጋ፣ በተለይም በሲሊካ ጄል በኩል ከውጭ አየር በሚተነፍሱ የማከፋፈያ ትራንስፎርመሮች ላይ፣ ይህ ልዩነት ቸል የሚባል አይደለም። ናሙናው በተወሰደበት ሰዓት የዘይቱ ሙቀት ያልተጻፈበት የውኃ ሪፖርት ግማሽ ሪፖርት ነው።

ስትሪመር፦ በፈሳሽ ውስጥ የሚያድገው የጋዝ ዛፍ

ቆሻሻውና ውኃው ሁሉ ተወግዶ ቮልቴጁ ከበረታ ሌላ ክስተት ይመጣል። ከሹል ጫፍ ተነሥቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እያወጣ ወደ ተቃራኒው ኤሌክትሮድ የሚጓዝ፣ ስትሪመር የሚባል ነገር ነው። ተመራማሪዎች ያዩት በፈጣን የጥላ ፎቶግራፍ ነው፤ ከፈሳሹ የሚለይ የብርሃን ስብራት ስላለው ጥላው ጎልቶ ይወጣል። የስትሪመሩ አካል ፈሳሽ አይደለም፤ ከጫፉ ያለው ብርቱ መስክ ሞለኪውሎቹን አዮን ሲያደርግና ሲያሞቅ የተፈጠረ፣ እፍጋቱ ዝቅተኛ የሆነ ቦይ ነው። ለዚህ ማስረጃው ቀላል ነው፦ በፈሳሹ ላይ ያለው ግፊት ሲጨመር ዘገምተኞቹ ስትሪመሮች ያጥራሉ፤ ግፊቱ በጣም ሲበረታ ጨርሰው ይጠፋሉ። ጋዝ ባይሆኑ ኖሮ ግፊት ይህን ያህል ባላስጨነቃቸው ነበር።

ስትሪመሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በፍጥነታቸው በአራት ይመደባሉ። የመጀመሪያዎቹ ቁጥቋጦ የሚመስሉና በሰከንድ 100 ሜትር አካባቢ የሚጓዙ ናቸው። ሁለተኛዎቹ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ያሏቸው ሲሆኑ በሰከንድ 2 ኪሎሜትር አካባቢ ይጓዛሉ። ሦስተኛዎቹ በሰከንድ 10 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ፣ አራተኛዎቹ ደግሞ 100 ኪሎሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሌሴንና ማሳላ በትልልቅ የዘይት ክፍተቶች ላይ ያሳተሙት ሥራ ለዚህ አመዳደብ መሠረት ከሆኑት መካከል ነው።

እነዚህን ፍጥነቶች ከጊዜ ጋር ብናገናኛቸው የጽዋው ፈተና ወሰን ይገለጥልናል። በሰከንድ 100 ሜትር የሚጓዝ ስትሪመር የ2.5 ሚሊሜትር ክፍተትን ለመሻገር 25 ማይክሮሰከንድ ብቻ ይበቃዋል፤ የ50 ኸርዝ ቮልቴጅ ግማሽ ዑደት ደግሞ 10 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ በጽዋው ውስጥ የተነሣ ማናቸውም ስትሪመር፣ ዘገምተኛውም ቢሆን፣ ተሻግሮ ይጨርሳል፤ የሚለካው የመነሻው ቮልቴጅ እንጂ የጉዞው አይደለም። ክፍተቱ 10 ሴንቲሜትር ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ያው ዘገምተኛ ስትሪመር ለመሻገር 1 ሚሊሰከንድ ያስፈልገዋል፤ የመብረቁ ኢምፐልስ ግን በ50 ማይክሮሰከንድ በግማሽ ወርዷል፤ ስትሪመሩ በመንገድ ይከስማል። ሁለተኛው ዓይነት ልክ 50 ማይክሮሰከንድ ስለሚፈጅ ለጥቂት ሊደርስ ይችላል። አራተኛው ዓይነት ግን በ1 ማይክሮሰከንድ ያቋርጣል፤ ማንም መከላከያ አይደርስበትም። በትልቅ ክፍተት የሚያሳስበው ጥያቄ ስትሪመር ይነሣል ወይ ሳይሆን፣ ሲነሣ ወደየትኛው ፍጥነት ይሸጋገራል የሚለው ነው። ይህንን ጥያቄ የጽዋው ፈተና አያነሣውም።

ወደ ፈጣኑ ዓይነት የሚሸጋገርበት ቮልቴጅ የማጣደፊያ ቮልቴጅ ይባላል፤ የሚወሰነውም በፈሳሹ ኬሚስትሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ዴቪንስ፣ ዝሃድና ሽዋቤ ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት፣ በቀላሉ ኤሌክትሮን የሚለቅ ውህድ በጥቂቱ ሲጨመር አዎንታዊው ስትሪመር ይፈጥናል፤ ኤሌክትሮን የሚይዝ ውህድ ሲጨመር ደግሞ አሉታዊው ይፈጥናል። የማዕድን ዘይት በተፈጥሮው በቀላሉ አዮን የሚሆኑ አሮማቲክ ሞለኪውሎች አሉት። ከላይ ባለው አነጋገር እነዚህ ጎጂ ይመስላሉ። ነገር ግን ቮልቴጁ ሲበረታ ተቃራኒውን ይሠራሉ፦ ስትሪመሩ ብዙ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ያደርጉታል፤ ቅርንጫፎቹም ሙላቸውን ተካፍለው አንዱ የሌላውን መስክ ይጋርዳል፤ በጫፍ ላይ ያለው መስክ ስለሚቀንስ ፈጣኑ ዓይነት ይዘገያል። ያው ሞለኪውል በዝቅተኛ ቮልቴጅ አጣዳፊ፣ በከፍተኛው አዘግዪ መሆኑ በዚህ መስክ ካሉት ግኝቶች ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ነው፤ የፈሳሽ ብሬክዳውንን በአንድ ቁጥር መወከል የማይቻለውም ለዚህ ጭምር ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው ወቅታዊ ጥያቄ የኤስተሮች ነው። ከአትክልት የሚገኙ ኤስተሮች እሳት የሚይዙበት ሙቀት ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሆን የማዕድን ዘይት 170 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በአፈር ውስጥም ይበሰብሳሉ። በክፍል ሙቀት ከአንድ ሚሊዮን 1000 ክፍል ገደማ ውኃ ስለሚያሟሙ፣ ማዕድን ዘይቱን የሚያሳስበው 25 ክፍል ውኃ ለእነርሱ ከሙሌት 2.5 በመቶ ብቻ ነው። በጽዋው ፈተና ስለዚህ ከማዕድን ዘይት አያንሱም፤ እርጥበት ሲኖር እንዲያውም ይበልጣሉ። በሹል ጫፍና በትልቅ ክፍተት ግን የማጣደፊያ ቮልቴጃቸው ከብሬክዳውን ቮልቴጃቸው ብዙ አይርቅም፤ በማዕድን ዘይት ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት በኤስተር ውስጥ የለም። የጽዋውን ውጤት ብቻ አይቶ የከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመርን ዘይት በኤስተር የሚተካ ሰው የማያውቀውን አደጋ ይቀበላል። ይህ ማለት ኤስተር ለከፍተኛ ቮልቴጅ አይሆንም ማለት አይደለም፤ በጀርመን ለ420 ኪሎቮልት በአትክልት ዘይት የሚሠራ ትራንስፎርመር ተገንብቶ አገልግሎት ገብቷል። የተሳካው ግን የውስጥ ኢንሱሌሽኑ ለዚያ ፈሳሽ ተነድፎ ነው፤ ሹል ጠርዞች ተወግደው፣ ክፍተቶቹ ተከፋፍለው።

ክፍተትን መከፋፈል

ይህ የመከፋፈል ጥበብ ቆየት ያለ ነው። ለጋዝ በተሞላ የማዕድን ዘይት፣ በወጥ መስክና በ50 ኸርዝ፣ ፓርሻል ዲስቻርጅ የማይነሣበት የመስክ ወሰን በነዳፊዎች ዘንድ እንደሚከተለው ይሰላል፦ ክፍተቱ በሚሊሜትር ተለክቶ በአሉታዊ 0.37 ርቢ ከፍ ይደረግና በ18 ይባዛል። ለ1 ሚሊሜትር ውጤቱ 18 ኪሎቮልት በሚሊሜትር ነው፤ ለ10 ሚሊሜትር 7.7 ገደማ ይሆናል። አንድ የ10 ሚሊሜትር ክፍተት 77 ኪሎቮልት ሲሸከም፣ በስስ ፕሬስቦርድ የተለያዩ አሥር የ1 ሚሊሜትር ክፍተቶች በስሌት 180 ሊሸከሙ ይችላሉ። በተግባር ፕሬስቦርዱ ቦታ ስለሚይዝና ዘይቱ ለማቀዝቀዝ መፍሰስ ስላለበት ይህ ሁሉ አይገኝም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ፕሬስቦርዱ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ቃጫዎቹ ድልድይ እንዳይሠሩ ያግዳል፤ የስትሪመሩንም ጉዞ ያቋርጣል። ትልቁ ክፍተት የሚደክመው ደግሞ በዕድል ሕግ ጭምር ነው፦ ብዙ ዘይት በመስኩ ውስጥ ሲኖር ከደካማ ስፍራዎች ሁሉ የደከመው የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። የስዊድኑ መሐንዲስ ዋሎዲ ዋይቡል ለቁሳቁስ መሰበር ያቀረበው የስታቲስቲክስ ሥርጭት ለዘይትም የሚሠራው ለዚህ ነው። ከስድስት ሙከራ አማካይ ብቻ የሚያቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ይህን ጭራ ይሰውረዋል፤ ትራንስፎርመር የሚቃጠለው በአማካዩ ሳይሆን በጭራው ነው።

በአገራችን የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች

አንደኛው ከቀጥተኛ ጅረት ጋር ይያያዛል። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው ከ1000 ኪሎሜትር በላይ የሆነ መስመር የሚሠራው በአዎንታዊና አሉታዊ 500 ኪሎቮልት ነው፤ አቅሙም 2000 ሜጋዋት ነው። በተለዋዋጭ ጅረት፣ መስኩ በዘይትና በፕሬስቦርድ መካከል የሚከፋፈለው በፐርሚቲቪቲ ተቃራኒ ስለሆነ፣ ዘይቱ ከፕሬስቦርዱ በእጥፍ ያህል ይጫናል። በቀጥተኛ ጅረት ግን ክፍፍሉ በአስተላላፊነት ይወሰናል፤ ፕሬስቦርዱ ኤሌክትሪክን የመቃወም አቅሙ ከዘይቱ በአሥርና በመቶ እጥፍ ስለሚበልጥ ጫናው በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ እርሱ ይዞራል። ዋልታው በድንገት ሲገለበጥ በፕሬስቦርዱ ላይ የተከማቸው ሙል ወዲያው አይለቅም፤ ለጊዜው ዘይቱ ያልለመደውን መስክ ይሸከማል። የዘይቱ አስተላላፊነት በሙቀትና በእርጅና በብዙ እጥፍ ስለሚለዋወጥ ይህን ስሌት አስቸጋሪ ያደርገዋል። ላርስ ኦንሳገር እ.ኤ.አ. በ1934 እንዳስረዳውም፣ መስኩ ሲበረታ የአዮኖቹ መለያየት ራሱ ስለሚጨምር አስተላላፊነቱ ቋሚ አይሆንም። ለዘይት አስተላላፊነት የሚደረግ ረጅም ክትትል ከጽዋው ፈተና ይልቅ ለእንዲህ ያለ ተቋም የሚረዳ ይመስለኛል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው መሣሪያ በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ አቅም የሚሠራ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የአገር ውስጥ የቅባት እህሎች ናቸው። ኑግና ጎመን ዘር በብዛት ስለሚመረቱ ከእነርሱ የኢንሱሌሽን ፈሳሽ ለማዘጋጀት ማሰብ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍል፣ ሰባ በመቶና ከዚያ በላይ፣ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ሁለት ድርብ ትስስር ስላለው በቀላሉ ከኦክስጅን ጋር ይዋሐዳል፤ ከዚያም ይወፍራል። የሐበሻ ጎመን ዘር ኢሩሲክ አሲዱ ብዙ ስለሆነ ለምግብ ይተቻል፤ ይህ አሲድ ግን አንድ ድርብ ትስስር ብቻ ስላለው ኦክስጅንን በመቋቋም ከኑግ የተሻለ ነው። ስለዚህ ለምግብ የማይመረጠው ዘይት ለትራንስፎርመር የተሻለ ዕጩ ሊሆን ይችላል። ማንም ይህን ለመመርመር ቢነሣ ከጽዋው ፈተና ባይጀምር ይመረጣል፤ ማንኛውም በደንብ የተጣራና የደረቀ ዘይት ያንን ያልፋል። የሚጀመረው ዘይቱ ታሽጎና ከመዳብ ጋር ሞቆ ለሳምንታት ከቆየ በኋላ ዝልግልግነቱና አሲዱ ምን ያህል እንደጨመረ በመለካት ነው፤ ቀጥሎ በመርፌና በሰሌዳ መካከል ጥቂት ሴንቲሜትር ክፍተት ትቶ በኢምፐልስ በሁለቱም ዋልታ የማጣደፊያ ቮልቴጁን መፈለግ ይመጣል። የኢምፐልስ ጄኔሬተር በሌለበት ላቦራቶሪ የመጀመሪያው ግማሽ ብቻውን ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ በቂ ሥራ ነው።